ገበያችን ኮረብታ የወጣ ሰሞን

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ሁሉ ሲሆን በወረቀት የያዝኩት ነገር የለም፤ የምጽፈው ከትዝታዬ ነው። የረሳሁት ቦታ ላይ ስደርስ ረሳሁ እላለሁ። ይህን ከዚህ ላይ የማስቀምጠው፣ በኋላ የምናገረው ነገር ሁሉ እንዲህ ካለ ጠባይ የመጣ ስለሆነ ነው።

አባቴ የወሎ ሰው ነበር፤ ሲራራ ነጋዴ። በጎጃም በኩል ዞሮ አሶሳ የገባው የደገኛው ጦር ከመግባቱ በፊት ነው። የአገሩ ሰዎች በርታዎቹ አስጠጉት፣ አብሯቸው ሰገደ፣ አብሯቸው ነገደ፣ እዚያው ቤት ሠራ። ከሱዳን በኩል የሚመጣውን ደቃቅ ጨው እየተረከበ በቅል ይሸጥ ነበር። በንዳድ ሲሞትብን እኔ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ታናሽ እህቴ ገና ጡት አልጣለችም። ጨውን እናቴ ያዘችው።

ገበያው ያኔ ወንዙ ዳር፣ ከሾላዎቹ ሥር ነበር። በሌላ አገር ገበያ ቦታ የሚይዘው ቀድሞ የደረሰ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ዘንድ ቦታ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ መቀመጫ ድንጋይ አለው። ድንጋዩ አይሸጥም፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያነሣውም፣ አያንፏቅቀውም። የሰው ድንጋይ ነካ ማለት የሰው አጥር ነቀለ ማለት ነው። ባለቤቱ ሩቅ አገር ቢወርድ ድንጋዩ ባዶውን ይቆየዋል፤ ቢሞት ለቤተሰቡ ያልፋል። ለአንድ ሰው ደግሞ አንድ ድንጋይ ነው፤ ሁለት የለም። ጨው ሻጯ ለስግደት ስትነሣ ዕቃዋን የምትጠብቅላት ጎረቤት ድንጋይ ላይ ያለችው ናት፤ ክርክር ቢነሣ የሚጠየቀውም የጎን ድንጋይ ባለቤት ነው። ሹም የማያውቀው ሕግ ነበር፤ ዳኛም ሳያስፈልገው ይሠራ ነበር።

የአባቴ ድንጋይ ከጨው መስመር በስተመጨረሻ፣ ፍየሎቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ነበር። ረግረግ ስለሆነ ጨው ይረጥባል፤ ገዢም እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ከመስመሩ ራስ ላይ፣ ወደ ሱዳን የሚወስደው የሸርቆሌ መንገድ ወደ ገበያው ከሚገባበት አፍ ላይ ደግሞ አንድ ሰፊ ድንጋይ ነበረ። ባለቤቱ ወደ ሱዳን ወርዶ የቀረ ነጋዴ ነው። አባቴ በሞተ በጥቂት ወሩ እናቴ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እግሬን አሞኛል፤ ለዛሬ ብቻ" አለች። ጎረቤቶቿ አዩ፣ ፊታቸውን አዞሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እግሯን አመማት። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። የበላነውም የለበስነውም ከዚያ ድንጋይ ነው። ስለ ነገሩ አንድም ሰው አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰም፤ እኛም ቤት ውስጥ አናነሣውም።

አገሩ በአዲሶቹ ሹማምንት እጅ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው መሰለኝ፣ ለገበያው ሹም ተሾመለት። ደገኛ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገር ሁሉ ቀጥ ብሎ ካልተሰለፈ ዓይኑን የሚያመው ሰው። ነጋሪት አስመታ፦ ከእንግዲህ ገበያው ወታደሮቹ ከሰፈሩበት ሥር፣ ኮረብታው ላይ ይቆማል።

በማግስቱ ነጋዴው ሁሉ የገበያው አባት ግቢ ተሰበሰበ። የገበያው አባት የምንለው አንድ በርታ ሽማግሌ ነበር፤ አማርኛውን ከነጋዴ ለቃቅሞ የተማረ፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እያደረገ የሚናገር፣ ግን በነገር ሲሳሳት ማንም አይቶት የማያውቅ። እናቴ ይዛኝ ሄደች፤ ከሴቶቹ ጋር ከዳሱ ጥግ ተቀመጥን።

ቀድሞ የተናገረው ጎጃሜው የሸማ ነጋዴ ነው።

"እውነቱን ልናገር፤ እኔ ኮረብታውን አልጠላሁትም። ጭቃ የለ፣ ትንኝ የለ። ሸማዬ ነጭ ሆኖ ውሎ ነጭ ሆኖ ይገባል።"

"አህያዬስ?" አለ ከሱዳን በኩል የመጣው ሽማግሌ ጀላባ ነጋዴ፤ በእናቴ ጎን ጨው የሚሸጠው እሱ ነው። "ከሸርቆሌ ድረስ ጭኜያት መጥቼ፣ ሲጠማት ሸማህን ትጠጣ?"

ሰው ሳቀ። ሸማ ነጋዴውም ሳቀ።

"ውሃውስ ይቆፈራል" አለች እናቴ ከጥጉ። "እኔን ያንገበገበኝ ኬላው ነው። ወንዙን ሲሻገር የቀረጡትን ጨው ገበያ ሲደርስ እንደገና ይቀርጡታል። ያው ጨው ነው፤ መንገድ ላይ አልወለደ!"

"እውነቷን ነው!" አሉ ሴቶቹ።

የገበያው አባት እጁን አነሣ። "አንድ፣ አንድ። ሁለት ነገር ይዘን ብንሄድ ሹም ቀላሉን ይሰጣል፣ ከባዱን ይረሳል። አሁን ዝም። ሹም አዲስ ነው፤ ሦስት ገበያ እንያት።"

እንየው ማለቱ ነው። በዚያ አገር ለሹም ቃል በዕለቱ መልስ አይሰጥም፤ ተቻኩሎ መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ዝም አልን፣ ቅዳሜም እንደ ወትሮው ወንዝ ዳር ተቀመጥን። ሹሙ ግን ዝምታውን እሺታ ብሎ ቆጥሮታል። ማንም ኮረብታ አለመውጣቱ ገርሞት ሰው ላከና "ምነው?" ቢል፣ እዚህ አገር ሻጭ ያለ ድንጋዩ አይቀመጥም ብለው ነገሩት። እሱም አዘነልን። ይህን ሁሉ ድንጋይ አቀበት ሊሸከሙ ነው? ብሎ አንድ ሰኞ ቀን፣ ገበያው ባዶ በሆነበት፣ ወታደሮቹን አሰልፎ ድንጋዮቻችንን አንድም ሳያስቀር ኮረብታው ላይ አወጣልን። ሊጠቅመን ብሎ ነው ያደረገው፤ ይህን አልጠራጠርም።

የደረደራቸው በቁመታቸው ነው። ትልልቆቹ ከፊት፣ ትንንሾቹ ከኋላ፣ ረድፋቸው በገመድ የተለካ።

የዚያን ቅዳሜ ሰው በየረድፉ መሐል ጎንበስ ቀና እያለ ድንጋዩን ሲፈልግ አረፈደ። አንዱ በጥቀርሻው፣ አንዱ በስንጥቁ፣ አንዱ በመቀመጫው ልስላሴ እየለየ አገኘ። ያገኘ ሁሉ ካገኘበት ተቀመጠ። የሚያንቀሳቅስ አልነበረም። የራሴን ልግፋ ቢል ከጎኑ ያለው የሌላ ሰው ድንጋይ ሊነካ ነው፤ ያ ደግሞ አይደረግም። እንዲህ ሆነና አንጥረኛው ከነወናፉ በጥጥ ሻጮች መሐል ተተከለ፤ ፍም በተፈናጠረ ቁጥር ሴቶቹ ይጮሃሉ። ቅቤ ሻጯ ፀሐይ ላይ ዋለች፤ ቅቤዋ ዘይት ሆኖ ወደ ማር ሻጩ ወረደ። በርበሬ ሻጩ የነፋስ በር ላይ ነው፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ሲያስነጥስ ይውላል። ሸማ ነጋዴው ከፍየሎቹ ጋር ተጎራብቶ፣ "ጭቃ የለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም" ይላል ሰው ሳይጠይቀው።

እናቴ ሁለቱን ድንጋዮች አይታ ቆመች። ወደ ሱዳን የወረደው ነጋዴ ሰፊ ድንጋይ ከፊት ረድፍ ላይ ብቻውን ይታያል። ወንዝ ዳር እያለ ማታለሉ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ለምዶታል። ኮረብታው ላይ፣ ሁሉም የራሱን እየለየ በሚቀመጥበት ቀን፣ "እግሬን አሞኛል" አይባልም። ሄዳ ከአባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱ ትንሽ ነበረና ከኋላ ረድፍ፣ አህዮቹ ከሚታሰሩበት ደርሷል።

አህያ ጨው ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ያላየ ሰው አያምንም። አንዷን ስንመልስ ሌላዋ በትከሻችን ላይ አንገቷን ታሻግራለች። እኔ በዱላ፣ እናቴ በነጠላዋ ስንከላከል ዋልን። ገዢ የአህያ ምላስ የነካውን ጨው አይገዛም። ሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። በዚያው ሰሞን አጎቴ ከባምባሲ መጣ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጨዉን አየና፣ "ክረምቱ ሳይገባ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ከእኔ ግቢ ግቢ። ሴት ብቻዋን ምን ትሆናለች?" አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በሱ ቤት እናቴ ንግድ እንደማይኖራት፣ እኔም በሱ ምርጫ እንደምዳር ሁላችንም እናውቃለን። "እስከ ክረምቱ መግቢያ ታገሠኝ" አለችው። የቀረን አንድ ወር ገደማ ነበር።

ድንጋዩ ኮረብታ ከወጣ ወዲህ የቆጠርነው ሦስት ገበያ አለቀና የገበያው አባት ነጋዴውን አስከትሎ ኮረብታ ወጣ። ሹሙ ከድንኳኑ በራፍ ተቀምጦ ተቀበለን።

"እንዴት ነው አዲሱ ገበያ? አማረ አይደል?" አለ።

"አማረች" አለ የገበያው አባት። "ግን ሥራ ሞተ። እሳት ጥጥ ይበላል፣ አህያ ጨው ይበላል። አንተ ድንጋይ በቁመት አሰለፍክ፤ እኛ በጎረቤት ነው።"

"እርስዎ በል እንጂ!" አለ ከኋላ አንድ ወታደር።

"ተወው፣ ገብቶኛል" አለ ሹሙ እየሳቀ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። "ቆይ፣ ይህን ያህል ከተቸገራችሁ ለምን አላስተካከላችሁትም? እጅ የላችሁም?"

"እጅ አለ። ድንጋይ ግን የሰው ነው። አማና ነው፣ አደራ፤ አይነካም። አንተ አነሣህ፣ አንተ መልስ።"

ሹሙ ዞር ብሎ ረድፎቹን አየ። ያሳዘነው ረድፉ ይመስለኛል።

"ገበያው ወንዝ አይመለስም" አለ በመጨረሻ። "ክረምት ሲሞላ እኔም እናንተም ጭቃ ውስጥ ነን፤ ከሰፈር ርቆም አልጠብቀውም። ውሃ ከተባለ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ግማሹን ጉልበት እኔ፣ ግማሹን እናንተ። አህዮቹ ከቁልቁለቱ በታች ይታሰሩ። ድንጋዩን ደግሞ እንደ ነበረ አስመልሳለሁ። የኬላውን ነገር ለበላዮቼ እልካለሁ።"

የኬላውን መልስ እኔ አሶሳ በኖርኩበት ዘመን አልሰማሁም። ጉድጓዱ ግን ተቆፈረ።

"ታዲያ ማን ከማን ጎን እንደ ነበረ የሚያውቅ ማነው?" አለ ሹሙ።

ወንዶቹ ተያዩ። ሁሉም የየራሱን ሰፈር ያውቃል፤ ዳር እስከ ዳር የሚያውቅ የለም። አንዲት የጥጥ ሻጭ ወደ እኔ ጠቆመች። "ይቺ የጨው ሻጯ ልጅ ታውቃለች። ስትሄድ ስትመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኛን ስትቆጥር ነው።"

እውነት ነበር። የእናቴን ሰሌን ተሸክሜ ገበያው ውስጥ ባለፍኩ ቁጥር ሰዎቹን በየተራቸው በልቤ እጠራ ነበር፤ ለምን እንደማደርገው አላውቅም፣ አንድ ሰው ከዘለልኩ ግን ተመልሼ ከመግቢያው እጀምራለሁ። አሁን ወደፊት ገፉኝ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። አራት ወታደሮች ድንጋይ ሊያነሡ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ቆመዋል።

"ከየት ይጀመራል?" አለኝ ሹሙ።

"ከሸርቆሌ መንገድ መግቢያ። ከጨው።"

እናቴን አየኋት። እሷም እያየችኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ጥያቄም ልመናም የለም። "የመጀመሪያው የእናቴ ነው" ብል ማንም አይከራከረኝም። ሦስት ዓመት ፊታቸውን ያዞሩ ሰዎች ዛሬም ያዞራሉ። ባምባሲም አንሄድም። ግን ከኋላው የሚመጣው ሰው ሁሉ በእኔ ቃል ነው ቦታውን የሚያገኘው፤ በመጀመሪያው ድንጋይ ከዋሸሁ የቀረውን በምን አፌ እጠራዋለሁ? በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ አሰብኩ ብል ውሸት ይሆናል። አፌ ቀደመኝ።

"የመጀመሪያው ወደ ሱዳን የወረደው ነጋዴ ድንጋይ ነው" አልኩ።

ጀላባው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቀጠልኩ፤ ጀላባውን፣ ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ሴቶች፣ በየተራ። "የመስመሩ መጨረሻ የአባቴ ነው" ብዬ ጨውን ጨረስኩ። ወደ እናቴ አልዞርኩም።

"ቆይ እስቲ" አለ ሹሙ። "የመጀመሪያው ባለቤት የታለ?"

"ሄዷል" አለ ጀላባው።

"መቼ ይመለሳል?"

"አላህ ያውቃል።"

"እንግዲያ ባዶ ነዋ! እኔም ከፊት ረድፍ ላይ አይቼው ባለቤቱን ሳፈላልግ ነበር።" ሹሙ ደስ አለው። "ከወታደሮቼ የአንዱ ሚስት ድንች እየቀቀለች ትሸጣለች፤ መቀመጫ አጥታ ትዞራለች። ለሷ ይሁን።"

የፈራሁትን አልነበረም ያመጣሁት፤ የባሰውን ነው። እናቴ ቦታውን ማጣቷ ሳያንስ፣ የሌለ ሰው ድንጋይ በሹም ቃል ሊሰጥ ነው። ዛሬ አንዱ ከተሰጠ ነገ የሁሉም ይሰጣል። ነጋዴው ሁሉ ይህ ወዲያው ገባው፤ ሸማ ነጋዴው ሳይቀር ወደፊት ተጠጋ። ሴትዮዋ ራሷ ከድንኳኑ ጥግ ቅርጫቷን አቅፋ ቆማለች፤ ወጣት ናት፣ የሚሸሹበት ቢኖር የምትሸሽ ትመስላለች።

የገበያው አባት ግን አልተቻኮለም። "ባዶ አይደለም" አለ። "ጠባቂ አለው። ይቺ ሴት ሦስት ዓመት ጠብቋል" ብሎ በበትሩ ወደ እናቴ ጠቆመ።

"እውነት ነው?" አላት ሹሙ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ተቀምጬበታለሁ ጌታዬ። መጠበቅ መሆኑን ዛሬ ከሳቸው መስማቴ ነው።"

እነዚያ ፊታቸውን ሲያዞሩ የኖሩት ሁሉ አሁን በአንድ አፍ ማረጋገጥ ያዙ። "ጠብቃለታለች!" "እኔ የጎን ድንጋይ ነኝ፣ እመሰክራለሁ!" ጀላባው ወላሂ እያለ ማለ።

"እሺ፣ ሰውየው ቢመጣስ?"

"የመጣ ለት እነሣለታለሁ" አለች እናቴ።

"ግን ለአንድ ሰው አንድ ድንጋይ" አለ የገበያው አባት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ይህ ለሹሙ ሳይሆን ለሷ ነው። "ሁለት አይሆንም። አንቺ ምረጥ።"

የአባቴ ድንጋይ የእኛ ነው፤ ማንም አያስነሣንም፣ ግን አያበላንም። ሰፊው ድንጋይ ያበላናል፤ ግን በማንኛውም ቅዳሜ፣ አንድ ሰው ከሸርቆሌ በኩል ብቅ ካለ፣ እናቴ እኩል ቀን ላይ ጨውዋን ሰብስባ ትነሣለች፤ መቆሚያም የላትም። ቆማ ስታስብ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ እጇ እየሠራ ነበር የምታስበው።

"የባሌን ለሷ ስጧት" አለች፣ ወደ ወታደሩ ሚስት በአገጯ እያመለከተች።

ወታደሮቹ ድንጋዮቹን እኔ በጠራሁት ተራ ሲያግዙ እስከ አሥር ሰዓት ዋሉ። አንድ ቦታ ብቻ ተሳሳትኩ፤ ሁለት የማሽላ ሻጭ እህትማማቾችን አቀያየርኳቸው፣ እነሱ ራሳቸው አረሙኝ። የአባቴ ድንጋይ ቦታው ሲደርስ የወታደሩ ሚስት ከአጠገቡ ቆመች፤ ለመቀመጥ አፈረች።

"ተቀመጪ እንጂ እቴ፤ አይነክስሽም" አለቻት እናቴ። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በእጇ ነቀነቀችው። "በዚህ ጎኑ ይወዛወዛል፤ ጠጠር ወሽቂበት። ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ ቁራጭ ሰሌን አምጪ። ፍየሎቹን ግን እንዳታምኚያቸው፤ የበሉሽን አይመልሱም።"

ሴትዮዋ ሳቀች። የወታደሮቹ ሰፈር ሰው ከእኛ ረድፍ ሲቀመጥ የመጀመሪያዋ እሷ ነች። ድንቹም በኋላ ተወደደ፤ ሹሙ ራሱ እየመጣ ይበላ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከፊት ከፊት ሄደች። ቤት ልንደርስ ስንል፣ ሳትዞር፣ "ዋሺ አላልኩሽም" አለችኝ።

"አውቃለሁ እማ።"

"ትንሽ ብትንተባተቢ ግን ምን ነበረበት? ልቤ እኮ ቆሞ ነበር።"

እናቴ በዚያ ሳምንት ከእኔ ጋር ብዙ አላወራችም።

አጎቴ ክረምቱ መግቢያ ላይ መጣ፤ የገበያውን አፍና በሰልፍ የቆመውን ገዢ አየ፣ አንድ ቅል ጨው ተሸክሞ ብቻውን ወደ ባምባሲ ተመለሰ። እናቴ ከዚያ በኋላ እስካገባሁና ከአሶሳ እስከወጣሁ ድረስ እዚያው ድንጋይ ላይ ጨው ሸጠች። ድሮ ተደላድላ ትቀመጥበት ነበር፤ ጠባቂ ከተባለች ወዲህ ግን ጠርዙ ላይ ሆነች። ከሸርቆሌ በኩል የነጋዴ ቅፍለት በታየ ቁጥር ቅሏን አስቀምጣ ብድግ ትልና የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። የመጨረሻዋ አህያ አልፋ ስትሄድ ተመልሳ ትቀመጥና፣ ቆሞ የሚጠብቃትን ገዢ "ስንት አልክ?" ትለዋለች።